ኔትወርክ የማይደርስበት ባሕር ዳር

እኔ የመርዶ ሰው ነኝ። አንዷ ዶሮ ወጥ ታውቃለች፣ አንዷ ሹሩባ ታውቃለች፤ እኔ ደግሞ የሞት ወሬ ያለ ሰዓቱ ሰው ጆሮ እንዳይገባ ማቆየት አውቃለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ የሚመላለስ ሐበሻ ሁሉ ይህን ሙያዬን ያውቅልኛል። ከአገር ቤት ተደውሎ «እገሌ አርፏል፣ ለእህቱ አስረዱልን» ሲባል፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ቀጥሎ የሚደወለው ለኔ ነው። መርዶውን የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው በሩን እስኪያንኳኩ ድረስ ሰውየውን ከስልክ፣ ከፌስቡክና ከአፈኛ ወዳጅ የምጠብቀው ግን እኔ ነኝ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሰው ጠብቄ ለሽማግሌ አስረክቤአለሁ። አንድም ሰው እኔ እጅ ላይ ሆኖ አልሰማም።

ግሌንዴል ሰፈር ቤቷ ሄጄ የምንከባከባት አሮጊት ይህን ነግሬአት አልተዋጠላትም። ሰው አባቱ መሞቱን ወዲያው የማወቅ መብት አለው አለችኝ። መብቱን ማን ነካበት? ሐይዌይ ላይ እየነዳ ወይም የሰው ዕቃ እየተሸከመ ብቻውን እንዳይሰማው ነው እንጂ። ለቅሶ ሰው ይፈልጋል። ለማይገባት ሴት ከዚህ በላይ አላብራራሁላትም፤ መድኃኒቷን ሰጥቼ አስተኛኋት።

ሙያው ሕግ አለው። ስልክ አይቀማም፤ ሰውየው ራሱ እንዲያስቀምጠው ይደረጋል። ብዙ አይሳቅም፣ ብዙ አይተከዝም። ከቤት ሲወጣ ደግሞ ሰውየው ሳያይ ሦስት ነገር ይያዝለታል፤ ጥቁር ልብስ፣ ተረከዝ የሌለው ጫማ፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለም መድኃኒቱ። ለቅሶ ላይ ግፊቱ ተነሥቶ የወደቀ ሰው አይቼ ነው ይህን ሦስተኛውን የጨመርኩት። ሕጉን በሙሉ ያስተማርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለጓደኛዬ ለዶርቃ። ሁለት ጊዜ አብራኝ ጠብቃለች።

እና አንድ ዓርብ ማታ፣ ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ጋሼ ብርሃነመስቀል ደወሉ። የሽማግሌዎቻችን ታላቅ ናቸው። ሰው ሲያሙ ወይም ሲዋሹ ሰምቻቸው አላውቅም።

«ሥርጉት ልጄ፣ ብቻሽን ነሽ?» አሉኝ።

«ብቻዬን ነኝ ጋሼ።»

«የዶርቃ አባት አርፈዋል።»

ዶርቃ ሚራክል ማይል ላይ የአንድ ሕንፃ ፓርኪንግ ካሸር ናት። የምንኖረው አንድ መንገድ ላይ ነው፤ ሥራ ሳድር ቤቴን የምታይልኝ እሷ ስለሆነች ትርፍ ቁልፌ እሷ ጋ ነው። አባቷ አዳማ ታመው ከተኙ ወራት ሆኗቸዋል። ስለዚህ ወሬው አላስደነገጠኝም።

«መቼ ነው የምታስረዷት?»

«እሑድ ጎህ ሲቀድ። ከሲያትል የሚመጡ ሰዎች አሉ፣ ይድረሱ ብለን ነው። ነገን ከሰው አርቀሽ አውያት። የምትችዪው አንቺ ነሽ።»

«የት ልውሰዳት ጋሼ?»

«አንቺው ምረጪ። ብቻ ሩቅ ይሁን። ያንቺንም ስልክ አጥፊው፤ ሰው በአንቺ በኩል ያወራ ይሆናል። ዛሬ ፌስቡክ ከፍተሻል እንዴ?»

«ሥራ ላይ ስልክ መች እነካለሁ።»

«አትክፈቺ» አሉኝ። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» ብለው ዘጉት። ሽማግሌ ሰው ነው፣ ሞት በሰማ ቁጥር የራሱንም ያስባል ብዬ አለፍኩት።

ቦታው ወዲያው መጣልኝ። ባለፈው ክረምት የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ከሳንታ ባርባራ ወዲያ ያለ የባሕር ዳር ፓርክ ሄደው ነበር። ጫካ አለው፣ ውሃ አለው፣ ውበቱ አይነገርም አሉ፤ አንድ ነገር ብቻ እየደጋገሙ አማረሩ። ስልክ አይሠራም። አንዷ ልጅ ፎቶ መለጠፍ አቅቷት ልታለቅስ ነበር። ያን ቀን እየሳቅሁባቸው በልቤ ግን መዝግቤው ነበር።

ስልኬን ሳጠፋ የቀረብኝ ነገር አልነበረም። በየዓርቡ ማታ ከአገር ቤት የሚደውልልኝ አንድ ሰው ነበር፤ ወንድሜ መክብብ። እናታችን ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፣ እኔ ሃያ አንድ። አሳድጌዋለሁ። እዚህ ስመጣ ገና ሥራ ሳልይዝ ያስገባሁት የሱን የመምጫ ፎርም ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጠበቅን። በመጨረሻ ኤምባሲው ለቃለ መጠይቅ ጠራው። ደውሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እታለም፣ አልመጣም። አሁን አይሆንልኝም።» ምክንያቱን ብጠይቀው ነገሩን ያዞራል። ሲናገር ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይልበት ነበር፤ ደረጃ እየወጣ መስሎኝ «ቁጭ ብለህ አናግረኝ፣ ታላቅህ ነኝ» ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ ዘጋሁበት፣ ቫይበርም ላይ ብሎክ አደረግሁት። ያ ከሆነ ዘጠኝ ቀን አልፎታል። ይቅርታ እስኪለምነኝ አልከፍትለትም ብዬ ምዬአለሁ። ብሎክ የተደረገ ሰው በየት በኩል እንደሚለምን አላሰብኩበትም።

ቅዳሜ ማለዳ ሮሐ መኪናዋን ከሕንፃዬ ፊት አቆመች። ሮሐ የዶርቃ የእህት ልጅ ናት፣ እህትማማቾቹ የሚገናኙት በእናት ብቻ ነው፤ በርባንክ ኤርፖርት ውስጥ ሱቅ ትሠራለች፣ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ጉዳዩን ለሷም ነግረዋት ነበርና ዓይኗ አብጧል። «ፊትሽን ሰብስቢ» አልኳት ቀስ ብዬ። ጥቁር ነጠላዬን በከረጢት ጠቅልዬ ከመኪናዋ ኋላ ትራንኩ ውስጥ ከምንጣፉ ሥር አስገባሁት። ለዶርቃ መሆኑ ነው።

ለዶርቃ የነገርኳት የጽሞና ቀን እንደምናደርግ ነው። ስልክ የሌለበት፣ ጸሎት ብቻ። ብዙ የምከራከራት መስሎኝ ምክንያት ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ገና ሳልጨርስ እሺ አለችኝ። ቅዳሜ ደግሞ ስትመጣ ከረጢት ሰፍታ መጣች፣ በክር የሚታሰር።

«ስልኮቻችንን እዚህ ብንጨምራቸውስ?» አለች። «ሦስታችንም። ሮሐ ከፊት ትያዝልን።»

የኔን ንግግር ከአፌ ወሰደችብኝ። የኔን ስልክ መጀመሪያ ተቀብላ ከተተችው። ጌታ ሥራዬን አቀለለልኝ ብዬ በልቤ አመሰገንኩ።

መንገዱ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ከኋላ ከዶርቃ ጋር ተቀመጥኩ፤ ይህም ሕግ ነው፣ የሚጠበቅ ሰው ከኋላ ብቻውን አይቀመጥም። ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ። ውሃ ከፈተችልኝ። ጸሐይ ሲመታኝ ሹራቧን መስኮቱ ላይ ሰቀለችልኝ። ነፍስ ታውቃለች ይላሉ፤ የሷ ነፍስ አውቃ ሥራ እየፈለገች ነው አልኩ። እጇን ያዝኩት። እሷም ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ፤ መዳፏ እርጥብ ነበር።

ከሳንታ ባርባራ አልፈን ጥቂት እንደሄድን አንዲት ነዳጅ ማደያ አለች። ሮሐ ቆመች። «ከዚህ በኋላ ኔትወርክ የለም» አለች፣ የሆነ አደራ እንደምታስረክብ ዓይነት። ዶርቃ ወደ መጸዳጃ ስትሄድ ልጅቷን ከነዳጅ መቅጃው አጠገብ ያዝኳት። እንደገና አልቅሳለች።

«አለርጂ ነው እትዬ ሥርጉት።»

«አለርጂ! አክስትሽ ሞኝ መሰለችሽ? አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ዛሬን ቻዪው።»

«እንዴት ነው የሚቻለው?» አለችኝ። «ላይክ፣ ሰውየው ምንም ሳያውቅ አጠገቡ ቁጭ ብሎ መሳቅ። አይ ኖው ባህላችን ነው፣ በት ይከብዳል።»

ልጅቷ አሳዘነችኝ። ለአሥራ ዘጠኝ ሰው ያደረግሁትን ነገርኳት። «ሰውየው ዛሬ የሚበላው ምሳ ሐዘን የሌለበት የመጨረሻ ምሳው ነው። እሱን እያሰብሽ ታበይዋለሽ። ከዚያ በኋላ ምግብ ለዓመት አይጥመውም። ሶ፣ ዛሬ እንዲጠግብ አድርጊው። ሌላ ሥራ የለሽም።»

አፏን በእጅጌዋ ሸፍና ወደ መኪናው ገባች።

ፓርኩ እንዳሉትም ውብ ነው። ከመኪና ማቆሚያው ጀምሮ እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ባሕር ዛፍ ነው፤ ቅርፊቱ እየተላጠ መሬቱ ላይ ተነጥፏል፣ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። ሽታው እንደ ጉንፋን መድኃኒት አፍንጫ ይከፍታል። ጫካው ድንገት ያልቅና ውሃው ይመጣል። ከታች ነው፣ ሩቅ ነው፤ ግን ድምፁ እግር ሥር ይሰማል። ውሃው ላይ የሆነ የብረት ነገር ይንሳፈፋል፣ ሞገድ ሲያነሣው ያቃስታል። መርከብ ከቋጥኝ እንዲርቅ ማስጠንቀቂያ ነው አለች ሮሐ። ወፍ አልነበረም። ወይም ነበረ፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ወደ አሸዋው በሚያወርደው ደረጃ ላይ ቢጫ ሰሌዳ ቆሟል። ሮሐ አነበበችልን። «ለባሕሩ ጀርባችሁን አትስጡ ይላል። ሰው ሌላ ነገር ሲያይ ትልቅ ሞገድ ከየት መጣ ሳይባል ይወስደዋል ማለት ነው።»

«ደግ ነው» አልኩ፤ «እኔ ጠባቂ ስለሆንኩ ፊቴን ወደ ውሃው አድርጌ እቀመጣለሁ።»

ማንም አልሳቀልኝም።

ዶርቃ ያመጣችው ምግብ ለሠርግ ይበቃል። ከፌርፋክስ ክትፎ በአይብ፣ ከቤቷ ጎመን በሥጋ፣ የምወደው ቃሪያ ስንግ ሳይቀር። ዝም ብላ ታጎርሰኛለች። እኔ ላጎርሳት ስል ጥቂት ትቀበለኝና እንደገና እሷ ታጎርሰኛለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «ኧረ ዶርቃ፣ ልፈነዳ ነው» ብላት «ብዪ፣ በሞቴ» አለች፤ ከዚያ ከአፏ በወጣው ቃል ደንግጣ ዓይኗን ወደ ውሃው መለሰች። ሮሐ ተነሥታ ወደ ጫካው ሄደች። ልጅቷ ሁሉን ልታበላሽብኝ ነው ብዬ ተናደድኩ።

ብቻችንን ስንቀር ዶርቃ «ከመክብብ ጋ ታረቃችሁ?» አለችኝ።

«እኔን ይለምነኝ።»

«ታናሽሽ እኮ ነው።»

«ታናሽ ነው ታላቁን የሚለምን። አሥራ አንድ ዓመት፣ ዶርቃ። ስንት አሮጊት ገላ እያጠብኩ። በመጨረሻ ‹አልመጣም›።» ደሜ ፈላ፤ ንዴቴ ከመጣ አፌን አላውቅም። «ተይው። እኔ ወንድም የለኝም።»

የያዘችው የሻይ ኩባያ ከእጇ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ሁለት እጇን አፌ ላይ ከደነችው፣ እንደ ሕፃን አፍ። «እንደሱ አትበዪ። በኢየሱስ ስም እንደሱ አትበዪ፣ ሥርጉትዬ» አለች፣ እንባዋም ዝም ብሎ ወረደ። አባቷ ናቸው የሚያስለቅሷት፣ ነፍሷ አውቃለች ብዬ አቀፍኳት። ትከሻዬ ላይ ስትንቀጠቀጥ «አይዞሽ» እያልኩ ጀርባዋን መታ መታ አደረግሁላት።

በዚህ መሐል ነው ወርቁ የሚባለውን ሰው ያየሁት። ፌርፋክስ የምናውቀው ታክሲ ነጂ ነው፤ ከዴንቨር የመጡ ዘመዶቹን ሊያስጎበኝ ሕፃናት አስከትሎ ከጫካው ወጣ። ሐበሻ የማይደርስበት የት አለ? እኔን ሲያይ ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ። ፊቱ ወዲያው ተለወጠ፣ እጁንም ዘርግቶ ወደኛ መጣ፤ «እትዬ ሥርጉት» አለ፣ «እትዬ ሥርጉት፣ እግዚአብሔር...»

ተፈናጥሬ ተነሣሁ። አሥራ ዘጠኝ ሰው የጠበቀች ሴት በታክሲ ነጂ አትረታም። ክንዱን ይዤ ዶርቃ ወደማትሰማበት ጎተትኩት።

«ዝም በል!» አልኩት በሹክሹክታ። «አልተነገራትም። ነገ ማለዳ ነው ሽማግሌዎቹ የሚያስረዷት።»

ወርቁ አፉን ከፍቶ አየኝ። «ለማን?»

«ለዶርቃ ነዋ። አባቷ። ሰምተህ አይደል የመጣኸው?»

በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ዶርቃን አያት። ረጅም ጊዜ አያት። ዞር ብዬ ሳይ እሷም እያየችው ነው፤ ራሷን በቀስታ ግራና ቀኝ ትነቀንቃለች። ከዚያ ወርቁ ሁለት እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ከንፈሩ ግን እንደ ልጅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እሺ» አለ። «እሺ እትዬ ሥርጉት። ጌታ ያበርታሽ።»

«ከባድ ሥራ ነው» አልኩት።

«ከባድ ነው» አለ። ዘመዶቹን ሰብስቦ፣ ገና ውሃውን እንኳ ሳያሳያቸው፣ በመጡበት ይዟቸው ተመለሰ። ሕፃናቱ ሲያለቅሱ ይሰማኝ ነበር። ወደ ቦታዬ ስመለስ ልቤ ላይ የሆነ ነገር ተቀመጠ፤ ምንነቱን አላየሁትም፣ ላየውም አልፈለግሁም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ወርቁ ለምን የዶርቃን እጅ አልያዘም? ለምን የኔን?

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጉም ከባሕሩ ተነሣ። መጀመሪያ ያ የሚያቃስተው ብረት ጠፋ፤ ድምፁ ብቻ ቀረ። ቀጥሎ አሸዋው ጠፋ፣ ቀጥሎ ቢጫው ሰሌዳ። ባሕር ዛፎቹ አንድ በአንድ እየገቡ ሄዱ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዶርቃና ሮሐ ዕቃውን ሲሰበስቡ እኔ ቁልፉን ተቀብዬ እንድንደርበው ምንጣፉን ላመጣ ወደ መኪናው ሄድኩ። ሮሐ «እኔ ላምጣው» ብላ ተከትላኝ ነበር፤ «አሮጊት አደረግሽኝ እንዴ» ብዬ መለስኳት።

ትራንኩን ከፈትኩ። ምንጣፉን ስስበው ሥሩ ሁለት ከረጢት አለ። አንዱ የኔ ነው፣ ነጠላው ያለበት። ሌላኛውን አላውቀውም። የሮሐ ዕቃ ይሆናል ብዬ ላስተካክለው ሳነሣው አፉ ተከፈተ።

ጥቁር ቀሚስ ነው። የደረቱ ቁልፍ አንዱ ቡናማ ነው። ቡናማውን የተከልኩት እኔ ነኝ፣ ጥቁሩ ጠፍቶብኝ፣ ለአሥራ ሦስተኛው ሰው ለቅሶ ስሄድ። ከቀሚሱ ሥር ተረከዝ የሌለው ጫማዬ አለ። ከጫማው ውስጥ ብርቱካንማ የመድኃኒት ብልቃጥ። አነሣሁትና ስሙን አነበብኩ። አንዴ አነበብኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ከፈትኩና ደግሜ አነበብኩ። የግፊት መድኃኒቴ ነው። ሥርጉት ይላል።

ሦስቱም ነገር አለ። ትርፍ ቁልፌ ዶርቃ ጋ ነው፤ አንድም አልረሳችም። ጥሩ አድርጌ ነው ያስተማርኳት።

ትራንኩን ይዤ ቆምኩ። የዶርቃ አባት አዳማ አልጋቸው ላይ አሉ፣ ምናልባትም እራታቸውን በልተው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ጋሼ ብርሃነመስቀል በሰባ ዓመታቸው ዋሽተዋል። ለዚህ ነው ድምፃቸው የተንቀጠቀጠው። እኔን በሌላ በምን መንገድ ከቤት ያወጡኛል? ብልሃቱን ሁሉ አውቃለሁ፣ ጽሞና ቢሉኝ እነቃለሁ፣ ሽርሽር ቢሉኝ እነቃለሁ። የሞት ጠባቂ አድርገው ካልሾሙኝ በቀር ስልኬን በገዛ እጄ አላጠፋም። ቦታውንም እኔ መረጥኩላቸው። ከረጢቱ ሲከፈትልኝ ስልኬን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። አንድ ሰው ነው ያለኝ። ያ ትንፋሹ የሕመም ነበር፤ ደረጃ አልነበረም። ቁጭ ብለህ አናግረኝ አልኩት እኮ። ምናልባት ተኝቶ ነበር የሚያናግረኝ። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ደውሎልኝ ይሆን? ጽፎልኝ ይሆን? አላውቅም። የዘጋሁት እኔ ነኝ። ደግሞ ከአንድ ሰዓት በፊት፣ ክትፎ እየበላሁ፣ ወንድም የለኝም አልኩ። ያን ስል እውነት ነበር። የመኪናው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ጉሙ ውስጥ ያ ብረት በኔ ፈንታ ያቃስት ነበር።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከጫካው የዶርቃና የሮሐ ኮቴ ቅርፊቱን እያንኮሻኮሸ መጣ። የምለውን አሰብኩ። ደረቷን ይዤ እንዴት ታደርጊኛለሽ ልላት እችላለሁ። ልጠይቃት እችላለሁ፤ መቼ፣ በምን፣ ማን አጠገቡ ነበር። እሷ ታውቃለች። ከአፏ ከወጣ ግን አለቀ፤ መክብብ ያን ጊዜ፣ እዚያ ዛፍ ሥር ይሞታል። አሥራ ዘጠኝ ሰው ጠብቄ የምሰጠው ምን እንደሆነ እስከዚያች ደቂቃ አልገባኝም ነበር። አንድ ቀን ነው የምሰጠው። ሙሉ አንድ ቀን፣ ሰውየው ገና ያልሞተበት። ዶርቃ ይህን ከጠዋት ጀምሮ እየሰጠችኝ ነበር፤ አባቷን በሕይወት ሳሉ አስገድላ።

ከረጢቱን እንደነበረ አሰርኩት። ከራሴ ከረጢት ጥቁሩን ነጠላ አወጣሁና ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁት።

ዶርቃ ከጉሙ ወጥታ አየችኝ። ነጠላውን አየች። ምንጣፉን አየች፣ የትራንኩን ክፍት አፍ አየች። የያዘችውን ሰሐን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው።

«በረደኝ» አልኳት።

«በርዷል» አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። «እንሂድ?»

«እንሂድ።»

ከኋላ ገባሁ። እሷም በኔ በኩል ገብታ ተጠጋችኝ። ትከሻዬን ደገፈች፣ ይህም ሕግ ነው። ሮሐ ሞተሩን አስነሣች። መስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጠምንና እሷ ቀድማ ሸሸች። ከፓርኩ በር ወጥተን ሐይዌዩ ላይ ገባን።

«ሮሐ፣ ያን ከረጢት አቀብዪኝ» አልኩ።

«እትዬ ሥርጉት፣ ኔትወርክ እኮ የለም።»

«አውቃለሁ። አቀብዪኝ።»

ዶርቃ «ስጪያት» አለች።

ክሩን ፈታሁ። ስልኬን አበራሁት። ከላይ ጥጉ ላይ ኔትወርክ የለም ይላል። ቫይበርን ከፈትኩ። ብሎክ የተደረጉት ውስጥ አንድ ስም ብቻ አለ፤ ፎቶው ላይ ይስቃል፣ አንገቱ ላይ እኔ የላክሁለት ሹራብ አለ። ተጫንኩት፤ ስሙ ከዚያ ወጣ። ምንም አልመጣም፤ ምን ይመጣል፣ አየሩ ባዶ ነው። ጻፍኩለት። «መክብቤ፣ ባትመጣም ግድ የለም። እኔ እመጣለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ላክ የሚለውን ተጫንኩ። ትንሽዬ ክብ እየዞረች ቀረች፤ አልሄደም፣ አልተመለሰም።

ዶርቃ አንብባው ነበር። ግንባሯን ክንዴ ላይ አስደግፋ ያለ ድምፅ ታለቅሳለች። «አይዞሽ» አልኳት። ከአፌ የወጣው እሱ ነው፤ የለመደ አፍ ነው።

ውጭው ነጭ ነው። በግራ ተራራ፣ በቀኝ ባሕር እንዳለ አውቃለሁ፣ አንዱም አይታይም። ነገ ጎህ ሲቀድ በሬ ይንኳኳል። ጋሼ ብርሃነመስቀል ከፊት ይቆማሉ፣ ከኋላቸው የሲያትል ሰዎች። እኔ ተነሥቼ እከፍትላቸዋለሁ፤ እንደማያውቅ ሰው እከፍትላቸዋለሁ፣ የደከሙበትን አላበላሽባቸውም። ያ ነገ ነው።

ጉሙ ውስጥ ቀይና ነጭ መብራት ብቅ አለ። ጠዋት የቆምንባት ነዳጅ ማደያ ናት። ስልኩ እጄ ላይ ነው፤ ያቺ ክብ አሁንም ትዞራለች።

«ሮሐ» አልኩ፣ «ቀስ ብለሽ ንጂ።»

«ቀስ ብዬ ነው እትዬ ሥርጉት። ሠላሳ ነው የምነዳው።»

«ከዚህም ቀስ በዪ» አልኳት።